በረዶ የቆፈረው ሐይቅ
(ስለ ገርባ ጉራቻ አጭር ጥናት)

በአገራችን የሚገኙትን ሐይቆች ስም በቃሉ ያላጠና ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብዬ አላስብም። ጣናን፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አባያንና ጫሞን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንደግማቸው ኖረናል። ነገር ግን እነዚህ ሐይቆች ስለ ምን በዚያ ቦታ ተገኙ ተብለን የተጠየቅን እንደ ሆነ፣ ብዙዎቻችን እርስ በርሳችን ከመተያየት በቀር የምንመልሰው የለንም። እኔም ከነዚሁ ብዙዎች አንዱ ነበርሁ።

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን እንዳስረዱን፣ ሐይቅ እንዲኖር አስቀድሞ ጉድጓድ መኖር አለበት፤ የጉድጓዱ ቆፋሪ ግን አንድ ብቻ አይደለም። የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ያስገኘቻቸው መሬት ራሷ ናት፤ ተሰንጥቃ መካከሏ ስለ ሰመጠ ውሃው በዚያ ተጠራቀመ። የቢሾፍቱን ሐይቆች የቆፈራቸው እሳተ ገሞራ ነው፤ ፈንድቶ ጉድጓዱን ትቶ ሄደ። ጣናን ደግሞ የገደበው ቀልጦ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አራተኛውን ቆፋሪ ሲጠሩልን ግን ከክፍሉ በስተኋላ ሣቅ ተሰማ፤ አራተኛው በረዶ ነበርና። በረዶ በስዊስና በካናዳ ሐይቅ ይቆፍር ይሆናል እንጂ በእኛ አገር፣ ያውም ከጎባ ከተማችን በላይ፣ ምን ሊሠራ መጣ አልን። ከሣቁት ሁሉ የእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ውሻዬን የሚመለከት ስለ ሆነ በየቦታው መነሣቱ አይቀርም፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሐይቁ ገርባ ጉራቻ ይባላል። በኦሮምኛ ገርባ ሐይቅ ወይም ባሕር፣ ጉራቻ ጥቁር ማለት ነው። የሚገኘውም በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ የሳነቴ አምባ ወደ ሰሜን በሚያልቅበት ጠርዝ፣ በቶጎና ሸለቆ ራስ ላይ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,950 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ርዝመቱ 500 ሜትር፣ ወርዱ 300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱም ቢሆን በጠለቀበት ቦታ 6 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በስፋት ከማንም ጋር የሚፎካከር አይደለም። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚሁ አምባ ላይ የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የባሌ ተራሮች ሁሉ ራስ ነው። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ማግኘት ስለሚቻል አላበዛውም።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ባለቀ በሳምንቱ፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ አሥራ ሁለት ተማሪዎችና አስተማሪያችን በአንድ አነስተኛ አውቶቡስ ሆነን ከጎባ ገና ሳይነጋ ተነሣን። መንገዱ በሳነቴ አልፎ፣ በሪራና በሐረና ደን በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርደው ነው። በመስኮት እያየን የኮሶው ዛፍ ወደ ኋላ ቀረ፤ አስታው እያጠረ እያጠረ ሄዶ ከጉልበት በታች ሆነ፤ በመጨረሻም ከጅብራ በቀር ቀና ብሎ የሚታይ ተክል ጠፋ። ጅብራ በጉም ውስጥ ከሩቅ ሲያዩት ጋቢ ለብሶ የቆመ ሽማግሌ ይመስላል፤ አንድ ጓደኛችን በመስኮት እጅ ነሥቶ አስቆናል። ጎባ ላይ የገዛነው የብስኩት ላስቲክ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሊፈነዳ ደረሰ። አስተማሪያችን ይህን አይተው ትምህርቱን ከዚያው ጀመሩ። «በላስቲኩ ውስጥ ያለው የጎባ አየር ነው፤ ውጭ ያለው የሳነቴ አየር ነው፤ የሳነቴው ግፊት ስለ ደከመ የጎባው አሸነፈው» አሉን። በሐይቁ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል ማለት ነው። ከአውቶቡሱ ወርደን ሃምሳ እርምጃ እንደ ሄድን በኳስ ጨዋታ የታወቁት ልጆች ሳይቀሩ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። አስተማሪያችን በዋዜማው ሰብስበው ሦስት ነገር ከልክለውን ነበር፤ እንጨት መልቀም፣ ላስቲክ መጣልና ውሻ ማምጣት። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ነገር ግን ቦቢ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከእግሬ ተለይቶ የማያውቅ ውሻ ነው፤ ደግሞም በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ አንድ ውሻ ቢጨመር ማንን ይጎዳል ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ በጋቢዬ ጠቅልዬ ከኋለኛው ወንበር ሥር አስተኛሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ጓደኞቼ ምሥጢሬን ጠበቁልኝ፤ በኬላው ላይም ያዛችሁት እንስሳ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አቀርቅሬ ዝም አልሁ።

አውቶቡሱ ሲቆም ቦቢ ከሁላችንም ቀድሞ ዘሎ ወረደ። አስተማሪያችን አልተቈጡም፤ ቢቈጡ ይሻለኝ ነበር። «እሰረውና ከእጅህ እንዳይለይ» ብቻ ብለው ወደ ፊት ሄዱ። ዕቃችንን በፈረስ የሚጭኑልንና መንገዱን የሚመሩን የአገሩ ሰው፣ እኛ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ውሻውን አዩት፤ እኔንም አዩኝ፤ ምንም አልተናገሩም። ግማሽ ሰዓት ያህል በሲባጎ እየጐተትሁት ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ትንፋሼ ስላጠረና እጄም በብርዱ ስለ ደነዘዘ ሲባጎውን ትንሽ ላላ አደረግሁት።

በሳነቴ መሬት ላይ በየአሥር እርምጃው ጉድጓድ አለ። የባሌ ትልቁ ፍልፈል መኖሪያ ነው፤ በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በቀር በሌላ ቦታ አይገኝም። ቦቢ የፍልፈሉ ሽታ ሲደርሰው ሲባጎውን ከእጄ መንጭቆ ሮጠና መቆፈር ጀመረ። ከየት እንደ መጣ ሳናይ ቀይ ቀበሮ ከፊቱ ቆመ። እንዲህ ያለ እንስሳ በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ እግሮቹ ረጃጅም፣ ጠጉሩ እንደ በርበሬ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ተጠጉ፤ አንድ ጊዜ ጥርስ ሲጋጭ ተሰማ፤ ቀበሮውም ወደ ኋላ ዘሎ ይጮህ ጀመር። አባባ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደ ሮጡ አላውቅም፤ ብርድ ልብሳቸውን በቦቢ ላይ ጥለው ያዙት።

«ልጄ፣ ክትባት አለው?» አሉኝ።

«የለውም አባባ» አልኋቸው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያም እያረፉ ነገሩኝ። በእነርሱ ቋንቋ ቀይ ቀበሮ ጀዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይባላል፤ ባዝራ ስትወልድ እንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚከተላት ነው። ከብት አይነካም፤ ጠላቱ ጥይት ወይም ወጥመድ ሳይሆን የውሻ በሽታ ነው አሉ። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ተላልፎ በዌብ ሸለቆ በገባ ጊዜ ሬሳቸውን በየሣሩ መካከል ያገኙ እንደ ነበር ነገሩኝ። በኋላ ከተጻፈው እንዳነበብሁት፣ በዚያ አካባቢ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱ እጅ ያህል ያለቀው በዚያን ጊዜ ነው። በሽታው ከዚያም ወዲህ ተመልሶ መጥቷል። በዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡትም የሚኖሩት በባሌ ነው። ደግሞም ወሩ ግልገሎቹ ከጉድጓድ ወጥተው የሚታዩበት ነበር። በአንድ ተራራ ላይ አንድ ውሻ ቢጨመር ማንን ይጎዳል ላልሁት ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት በዚህ ዓይነት ነው።

ቅጣቴም እዚያው ተወሰነ። ጓደኞቼ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ እኔ ቦቢን በድንኳን ገመድ አስሬ ከሐይቁ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ላይ እንድቀመጥ ታዘዝሁ። በመጀመሪያ ለቅሶ ቀረሽ ሆኜ ነበር። ይሁን እንጂ ሐይቁን በሚገባ ያየሁት እኔ ነኝ ብል ሐሰት አይሆንም፤ ከውሃው ዳር የቆመ ሰው ውሃውን ያያል እንጂ ጉድጓዱን አያይም።

ከላይ ሲታይ ቦታው ገንፎ ይመስላል። ገንፎ በሳሕን ከተደረገ በኋላ መካከሉ በማንካ ተጎድጉዶ ቅቤው እንደሚፈስበት ሁሉ፣ ተራራውም በትልቅ ማንካ ተጎድጉዶ ውሃው ገብቶበታል። ከኋላው ግድግዳ የመሰለ ገደል ቆሟል፤ ከፊቱ ግን ዝቅ ያለ ከንፈር አለ፤ ውሃው ከዚያ ከንፈር ተርፎ ወደ ቶጎና ሸለቆ ይወርዳል። ወንዝ የቆፈረው ቢሆን ኖሮ ሸለቆው ጠባብና ጥርብ ይሆን ነበር፤ ይህ ግን ሰፊና ክብ ነው። እሳተ ገሞራ ያፈነዳው ቢሆን ኖሮ በዙሪያው ሁሉ እኩል ከንፈር ይኖረው ነበር፤ ይህ ግን በአንድ በኩል ተከፍቷል። እንግዲህ ማንካው ምን ነበር?

ማንካው በረዶ ነው። በጥንት ዘመን መላው ዓለም ዛሬ ካለው ይልቅ ቀዝቃዛ በነበረ ጊዜ፣ በእነዚህ ተራሮች ላይ የወረደው አመዳይ በበጋ ሳይቀልጥ በሌላው ላይ ይደራረብ ነበር። የላይኛው ሲከብድ የታችኛውን ይጨቁነዋል፤ በውስጡ ያለውን አየር አስወጥቶ እንደ ድንጋይ ጠንካራ የሆነ ግግር ያደርገዋል። ግግሩ በብዙ ሜትር ሲወፍር በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ወደ ቁልቁል መፍሰስ ይጀምራል። በረዶ ይፈስሳል ሲባል ለጆሮ ይከብድ ይሆናል፤ ማር በብርድ ጊዜ ከገንቦ ሲወርድ ያየ ሰው ግን ነገሩን ይረዳዋል። ሲፈስስም ባዶ እጁን አይሄድም። ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ በረዶ ሲሆን ያብጥና ድንጋዩን ይፈነቅለዋል፤ ግግሩ ያን ድንጋይ በሆዱ ሥር ይዞ እንደ ሞረድ መሬቱን ይፍቃል። ይህ በብዙ ሺህ ዓመት ተደጋግሞ ከኋላ ገደሉን፣ ከሥር ጎድጓዳውን፣ ከፊት ከንፈሩን ሠራ። ብርዱ ሲያልፍ በረዶው ቀለጠ፤ ጉድጓዱም ሐይቅ ሆነ።

የዘመኑን ነገር ሊቃውንት በብዙ ዘዴ መርምረውታል። በባሌ ተራሮች ላይ በረዶው ከሁሉ ይበልጥ ሰፍቶ የነበረው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ቦታው ባዶ እንዳይመስላችሁ። ፊንጫ ሀበራ በሚባል ዋሻ፣ 3,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት እየተመላለሱ ይኖሩ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አስረድቷል። ቦቢ የቆፈረለትን ያንኑ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩትም ከዚያ ከፍ ካለው አምባ ያመጡ ነበር፤ ይህ ማለት በረዶው አጠገብ ድረስ ይወጡ ነበር ማለት ነው። እኛ በሱፍ ሹራብ ተንቀጥቅጠን ስንመለስ እነርሱ ምን ለብሰው እንደ ነበር ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የሐይቁ ጭቃ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው ከሐይቁ ወለል በቱቦ የተቀዳ ጭቃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ጥናታቸውን አሳትመዋል። የጭቃው ርዝመት 16 ሜትር ያህል ሆነ፤ የመጨረሻው ሥር ከ16 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አንባቢ ሆይ፣ ቁጥሩን አስተውል፤ 6 ሜትር ውሃ፣ 16 ሜትር ጭቃ። በሌላ አነጋገር ሐይቁ ከውሃው ይልቅ ጭቃው ይበዛል። 16 ሜትርን ለ16 ሺህ ዓመት ብናካፍለው ደግሞ በአማካይ በየዓመቱ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ይደርሰዋል፤ በእኔ ዕድሜ ሙሉ የተጠራቀመው ከአንድ ጣት ወርድ አይበልጥም። በየሽፋኑ ውስጥ የጥንት አበባ ብናኝ ተቀብሮ ስለሚገኝ፣ ተራራው በየዘመኑ ምን ለብሶ እንደ ነበር ይነበባል። አስታ በዚያ ዙሪያ የበዛው ከ11 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ መሆኑ የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው። ሐይቅ ማለት ማንም ሳይጽፈው በየዓመቱ አንድ ገጽ የሚጨመርበት መዝገብ ነው ሲሉ አስተማሪያችን በክፍል ተናግረው ነበር፤ ያን ቀን ግን ሣቅ ላይ ስለ ነበርሁ ልብ አላልሁትም።

ጓደኞቼ ከታች ምን እንዳደረጉ የማውቀው ከነገሩኝ ነው። በላንጋኖ መዋኘቱን ሲያወራልን የከረመ አንድ ልጅ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባና «እግሮቼ የሌላ ሰው ሆኑ» እያለ ተመልሶ ወጣ። ጠልቆ አለመግባቱ በጀው። በእንዲህ ያለ ውሃ ድንገት የሚዘል ሰው ሳይወድ በግድ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ውሃውን ይስባል፤ ልብም በድንጋጤ ይመታል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክንድ አልታዘዝም ይላል። ዋናተኛነት በዚያ ብዙ አይረዳም። ሌሎቹ በሐይቁ ዙሪያ ሄደዋል፤ ሰማያዊ ክንፍ ያላቸውን ዝይዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሄዱ አይተዋል፤ በፈረስም ተራ በተራ ተቀምጠዋል። መንጠቆ ያመጣው ልጅ ግን መንጠቆውን ሳይፈታ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣው ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚጠመደው በዲንሾ በኩል ባሉት ወንዞች ነው እንጂ እዚህ አይደለም ተባለ።

ምሳ የተሠራው እኔ ባለሁበት ስለ ነበር በዚህስ አልተጎዳሁም። ከቤተ ሙከራ በውሰት የመጣው ቴርሞሜትር ውሃው በፈላ ጊዜ 87 ላይ ቆመ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ለፈተና የጻፍነው መልስ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ብቻ መሆኑን በዓይናችን አየን። የአየሩ ግፊት ሲያንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ የፈላውም ውሃ ግለቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ድንቹ አርባ ደቂቃ ተቀቅሎ እምቢ አለ። በቡታጋዝ ነበር የቀቀልነው። አስታ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈጅ በመሆኑ፣ አንድ ድንች ለመቀቀል የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ከእኛ ሁሉ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል።

ከቀትር በኋላ አንዲት የክፍላችን ልጅ ራሷን አመማት፤ አስመለሳትም። አስተማሪያችን እስኪሻላት እንጠብቅ አላሉም፤ ወዲያው ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በፈረስ ወደ አውቶቡሱ ላኳት። ከፍታ ለሚያመጣው ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ጎባ ስንደርስ እንጀራ ጠይቃ በልታለች። በሚመጣው ዓመት ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ውሃ በብዛት ጠጡ፤ ራስ ምታት የተሰማው ሰው እንዳያፍርና እንዳይደብቅ፤ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ለማደር የሚያስብ ደህና ብርድ ልብስ ይያዝ። ወላጆችም ልጆቻችሁን ስትልኩ ከጫማው ይልቅ ካልሲው ላይ አስቡበት፤ ከአሥራ ሁለታችን ስምንታችን በረጠበ ካልሲ ነው የዋልነው።

ስንመለስ እናቴ ነገሩን ሰምታ «ይህን ልጅ ውሻው ያሳደገው ይመስላል» አለችና ሌላ አልጨመረችም። በማግሥቱ ቦቢን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድሁት። ሐኪሙ እንዲህ አሉኝ፦ «በዚያ ዕለት በምራቁ ውስጥ በሽታው ኖሮ ቢሆን፣ በአሥር ቀን ውስጥ ታሞ ወይም ሞቶ ይታያል። ደህና ሆኖ ከሰነበተ ግን ቀበሮው በዚያ ቀን ከእርሱ አልያዘም ማለት ነው። እሰረውና ጠብቅ፤ እጅህን ወደ አፉ አትስደድ።» አሥር ቀን አሰርሁት። ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ውሃ ሲጠጣ ቆሜ አየው ነበር፤ አንድ ቀን ውሃውን ሳይነካ ሲቀር ቀኑን ሙሉ ምን እንደ ተማርሁ አላውቅም፤ ማታ ስመለስ ለካ ታናሽ እኅቴ ወተት ሰጥታው ኖሯል። የአስተማሪያችን ጥያቄ በየቀኑ አንድ ብቻ ነበር፤ «ስንተኛው ነው?» ይሉኛል፤ እኔም ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሐኪሙ አይተውት ክትባቱን ወጉት። ያን ዕለት የጎረቤቶቻችንን ሁለት ውሾች ጨምሬ ወስጄ ነበር፤ አንደኛው በመንገድ ላይ ስለ ነከሰኝ ሱሪዬ ተቀዷል፤ ሥጋዬን ግን አልነካም። ማታ ለአባባ ስልክ ደወልሁላቸው። ቀበሮውን በዚያው ቦታ ፍልፈል ሲያደባ በጧት እንዳዩት ነገሩኝ። «ውሻውስ?» አሉኝ። «ተከተበ አባባ» አልኋቸው። «እንኪያስ አንተ ና» አሉኝና ስልኩ ተቋረጠ፤ በዚያ ተራራ ላይ መስመር አይረጋም።